አራተኛው ፎቅ

ሊፍቱ ከቆመ ዛሬ ሃያ አንድ ቀኑ፤
«በቅርቡ ይጠገናል» የሚሉት ፊደላት በሩ ላይ ገረጡ፣ መነኑ።
ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው የኔ ጠረጴዛ፤
መንገዱ ደረጃ፣ መቶ ስድሳ ስምንት፣ አይደለም የዋዛ።
እያንዳንዱን እርከን እንደ አንድ ስድብ ነው የምቀበለው፤
ይሄ ከአከራዩ፣ ይሄ ከመብራት ኃይል፣ ያኛውን ደግሞ ዕድሌ ነው የላከው።
ስምንተኛ ስደርስ እስካንገቴ ሞልቶኛል ቂም፤
«እንደምን አደርክ?» ላለኝ ሰው መልስ የለኝም።
ባለጉዳይ ሲመጣ «ነገ ተመለስ» እለዋለሁ፤
እሱ ምን አጠፋ? የሊፍቱን ዕዳ ከሱ ላይ እሰበስባለሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ ከሂሳብ ክፍል፣ ጡረታ ስድስት ወር የቀራቸው፣
ክረምት ሲገባ ቀኝ ጉልበታቸው የሚያማቸው፣
ቢሮ ሲገቡ አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም።
እውነቱን ልናገር? በዚህ አልወደድኳቸውም።
እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኛል፤
«ተመስገን» ባለ ቁጥር የኔን ንዴት የሰረቀኝ ይመስለኛል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከኋላቸው ደረስሁ።
ምድር ላይ ከዘበኛው ከጋሽ ሽብሩ ጋር ስለ ጥርስ ሕመም አወሩ፤
ሁለተኛ ላይ ለልብስ ሰፊው የዚፕ ዕዳቸውን ከፈሉ፤
ሦስተኛ ላይ በመስኮቱ ቁልቁል ወደ ለገሃር አይተው
«ዛሬስ የታክሲው ሰልፍ አጭር ነው» አሉ።
አራተኛ ላይ
ቦርሳቸውን መሬት አኖሩ፣
ነጠላቸውን አስተካከሉ፣
ወደ ግድግዳው ዞሩ፣
ተሳደቡ!
አከራዩን፣ ሊፍቱን፣ ሊፍቱን ጭኖ ያመጣውን መርከብ፣
የጉልበታቸውን ሎሚ፣ የደመወዛቸውን እርከን፣ አንዱን ሳያስቀሩ፣ በደንብ።
ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። አፌን ከፍቼ ሲያገኙኝ ጊዜ
«ምነው ልጄ፣» አሉ፣ «ንዴቴ እኮ እዚህ ነው የሚኖረው፤ ይቺን ፎቅ ሰጥቼዋለሁ።
ዝም ካልኩት ጉልበቴ ውስጥ ገብቶ ያድራል፤
በየፎቁ ከተሳደብኩ ደግሞ ከኔ ቀድሞ ቢሮ ይገባል።»

ሐሙስ ሊፍቱ ተሠራ። አጨበጨብን፣ ተጋፍተን ገባን፤
በአራተኛና በአምስተኛ መሀል መብራት ሄደ፣ ጨለማ ዋጠን።
በሩን ደበደብሁ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም።
አየሩ ያለቀ፣ ግድግዳው የተጠጋኝ መሰለኝ፤ የከሰስሁትን ሰው ብዛት አላስታውስም።
ከጎኔ አንድ ድምፅ፦ «ስንተኛ ላይ ነን?»
«አራትን አልፈናል፣ እትዬ... አምስት አልደረስንም።»
«እንግዲያው ከግዛቱ አልወጣንም» አሉና
ጮኹ። ከኔ በላይ! ብረቱ እስኪያስተጋባ።
ሲበቃቸው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤
ላስቲክ ተንኮሻኮሸ፤ የሽምብራ ቆሎ በየመዳፋችን እፍኝ እፍኝ አደረጉ።
«ጥርስ የሌለው ይምጠጠው።»

ከጥግ በኩል ደግሞ ሙዘይን፣ ያ ማክሰኞ የመለስሁት ባለጉዳይ፦
«ጌታዬ፣ ነገ ተመለስ ብለውኝ ነበር። ስመላለስ ከረምሁ።
ዛሬ ነገ ነው?»
ሰው ሁሉ ሳቀ። ጆሮዬ እየጋለ እኔም ሳቅሁ።
የሥራ ልምዱን ወረቀት በስልክ መብራት ግድግዳው ላይ ዘረጋሁ፤
ማኅተሙ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እፍ ብዬ አሳረፍሁ።
ጠማማ ወጣ። «ግድ የለም፣» አለኝ፣ «ይነበባል።»
አርባ ደቂቃ ቆየን። አየሩ አላለቀም።

ሰኞ ሊፍቱ ዳግም ቆመ። ወረቀቱ አዲስ፣ ፊደሉ ደማቅ።
እኔም ለንዴቴ የሚሆን ፎቅ ፍለጋ ገባሁ፤
አራተኛው ተይዟል። ስድስተኛ ላይ ቦርሳዬን አስቀምጬ፣ ጉሮሮዬን ስስል፣
የጠበቃው በር ተከፈተና «ማንን ነው የምትከሰው?» ሲል
ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ተከሳሽ አጣ፤
ይቅርታ ጠይቄ ሽቅብ ስል፣ ሳልቆጥረው፣ ሰባተኛው መጣ።